ራዲያተሩ ተሠርቶም መኪናው ለምን ይሞቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ጋራዥ ደጃፍ ላይና በሸዋ ሮቢት መንገድ ኮፈን ከፍተው ከቆሙ ሰዎች የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

የሙቀት ጌጁ ቀይ ላይ ደረሰ፣ መንገድ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገራችሁ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ። ውስጥ ያለው ውሃ እስካሁን ያልፈላው በግፊት ስለታመቀ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲላላ በዚያው ቅጽበት ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። «ጨርቅ ደርቤ ነው የምከፍተው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጨርቁ እጅን ያድን ይሆናል፣ ፊትን ግን አያድንም።

ኤሲ ካለ አጥፉት። ሂተሩን እስከ ጥጉ ከፍታችሁ መስኮት አውርዱ፤ ሂተር ማለት ሌላ ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ትንሽም ቢሆን ሙቀት ይቀንሳል። ዳር ያዙና ቁሙ። እንፋሎት ካያችሁ ወይም ውሃ መሬት ላይ እየፈሰሰ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ጠብቁ። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ሲጨመቅ ልስልስ ካለና እጅ የማያቃጥል ከሆነ ያኔ ክዳኑ ይከፈታል። ውሃ ስትጨምሩ ሞተሩን አስነስታችሁ ቀስ በቀስ ይሁን። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መድፋት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይሰነጥቃል።

ራዲያተሩ ትናንት ተቀይሮ ዛሬ ሞቀብኝ። ዕቃው ፎርጅድ ነው ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየርን ነው። ራዲያተር፣ ቱቦ፣ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ወይም የውሃ ፓምፕ ሲፈታ ውሃው ይወጣና ቦታውን አየር ይይዘዋል። ውሃ ሲሞላ አየሩ ሁሉ አይወጣም። ቴስታታ ውስጥ ወይም ሂተሩ ጋ ተሸሽጎ ይቀራል። አየር ያለበት ቦታ ውሃ የለም፣ ውሃ የሌለበት ብረት ደግሞ ይግላል። ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

እኔን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ራዲያተሬ ደብረ ብርሃን ተቀየረልኝ። ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ነዳሁት፣ ምንም አላለም። ሦስተኛው ቀን ሸዋ ሮቢት ደርሼ ስመለስ፣ አርማንያ ከተማን አልፌ ዳገቱ ጠንከር ሲል ጌጁ ወጣ። ሂተሩን ከፈትኩ፤ የሚነፍሰው አየር ቀዝቃዛ ነው! ሞተሩ እየጋለ ሂተር ቀዝቃዛ ከነፈሰ ውሃው ጎድሏል ወይም አየር ይዟል፣ ይህን ምልክት እንዳትረሱት። ሲበርድ ወደ ሦስት ሊትር ገባለት። ትንሽ የቤት መኪና በጠቅላላው የሚይዘው 5 ወይም 6 ሊትር ነው፣ ግማሹን አየር ይዤ ነበር የምጓዘው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ዕቃ አልተቀየረም፣ መኪናውም አልሞቀም።

ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሊትር ገባ? መካኒኩ ካላወቀ አልለካም።

አየሩን ራሴ ማስወጣት እችላለሁ?

በደንብ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ አድርጋችሁ ዳገት ላይ አቁሙት (ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም)፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ላይ ድንጋይ ደግፉ። አየር ወደ ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ እንዲሆን ነው ድካሙ። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሞልታችሁ አስነሱ።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ትጨምራላችሁ። የላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአንዴ ዝቅ ይልና የታችኛው ቱቦም መሞቅ ይጀምራል። ያን ሳታዩ ክዳኑን ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ገና አልጨረሳችሁም። አረፋው ሲያቆምና ሂተሩ ትኩስ ሲነፍስ ሞልታችሁ ዝጉ። ውሃው ከፍ ብሎ ሊገነፍል ካለ ግን ክዳኑን ለመዝጋት አትታገሉ፣ አጥፉትና ራቅ በሉ። በማግስቱ ጠዋት ሳይነሳ እንደገና እዩት፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎድሎ ይገኛል። አንዳንድ መኪና ቴርሞስታቱ አካባቢ አየር ማስወጫ ብሎን አለው፤ እሱ ካለ ሥራው ይቀላል።

ክዳን ትንሽ ነገር አይደለም እንዴ? ለምንድን ነው ሰው ሁሉ «ክዳኑን ቀይር» የሚለኝ?

ሰው ሁሉ ልክ ነው። በተለይ እኛ አገር። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ እዚያ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ90 እና በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሽሮና ምስር በቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው፣ እናቶቻችን ያውቁታል። ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ እስከ 96 ይደርሳል።

አሁን ይህን አስቡት። ብዙ ቶዮታ ላይ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ደብረ ብርሃን ላይ በውሃው መፍላትና በቴርሞስታቱ መከፈት መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ወይም ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው። አንድ ዳገት ይበቃዋል። 0.9 (የሚይዘው ግፊት ነው) የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግን እዚያው ከፍታ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር ሲወጣ ነገሩ ይብሳል፦ ሞተሩ 1800 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲለፋ ቆይቶ፣ በጣም ሲግል የሚደርሰው ውሃ በቶሎ የሚፈላበት ከ3000 ሜትር በላይ የሆነው ቦታ ላይ ነው።

ክዳን ስትገዙ ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። 0.9 ወይም 88 የተጻፈበትን በ1.1 ወይም 108 መተካት «የተሻለ» አይደለም፣ አሮጌ ቱቦና አሮጌ ራዲያተር ያፈነዳል። የላስቲኩን ከንፈር እዩ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠነከረ አበቃለት። ሌላው ምልክት ደግሞ ይኸው፦ ሞተሩ ሲበርድ ቱቦው ተጣብቆ እንደተጨመቀ ላስቲክ ከታየ የክዳኑ ትንሿ የመመለሻ ቫልቭ አልከፍት ብላለች፣ ወይም ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተደፍኗል።

ውሃ ብቻ ልጨምር ወይስ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)?

ኩላንት። መንገድ ላይ ከተቸገራችሁ ውሃ ይግባ፣ ቤት ስትደርሱ ግን አስተካክሉት። ውሃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ የመፍያው ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ዝገት ይከላከላል። የወንዝ ውሃ፣ በሬሳም ይሁን ሮቢ፣ ጭቃና ጨው ይዞ ይገባል። ያ ሁሉ ቀጫጭን የራዲያተር መስመሮች ውስጥ ይረጋል። ከዓመት በኋላ «አዲሱ ራዲያተር» አሮጌ ይሆናል።

ደግሞ ውርጭ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲታይ ማን ይረሳዋል። በንጹሕ ውሃ የተሞላ መኪና ሜዳ ላይ ሲያድር ውሃው በረዶ ሊሠራ ይችላል፣ በረዶ ደግሞ ይሰፋል።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» ተብያለሁ። ልጣለው?

አይ። ይህ ምክር ለምን እንደማይሞት አይገባኝም።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ መሞቅ አቅቶት ይውላል። ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል። የባሰው ግን ሌላ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። አውጥታችሁ ከጣላችሁት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆነ ማለት ነው፣ የጋለው ውሃ ሳይበርድ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ይሞቃል። የሁለቱም ክፉ!

ከተጠራጠራችሁት ፈትኑት። ድስት ውስጥ ውሃ ጋር ጥዱት፣ ሲሞቅ መከፈት አለበት። ብቻ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ አትጣሉት፣ ብዙዎቹ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈቱት 95 አካባቢ ሲደርሱ ነው። ሲገጠም ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። ተገልብጦ ተገጥሞ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ከተማ ውስጥ ይሞቃል፣ ሲሮጥ ይበርዳል። ወይም በተቃራኒው። ልዩነት አለው?

በጣም አለው፣ ግማሹ ምርመራ እዚህ ያልቃል። ቆሞ ወይም በቅዳሜ ገበያ ግርግር ውስጥ እየተሳበ የሚሞቅ፣ ሲሮጥ ግን የሚበርድ መኪና ችግሩ ፋን (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ነው። ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል። ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ ሶኬት እዩ፣ በጥገና ጊዜ የተነቀለ ሶኬት ሳይመለስ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረው ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ሶፍት ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ያዙ፦ ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ መሳብ አለበት። ከገፋው ፋኑ ተገልብጧል። ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክ «ለሥራ አመቺ አይደለም» ተብሎ ተጥሎ እንደሆነም እዩ፤ እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው አየር ከጎን ይመጣል።

ሜዳ ላይ ሰላም ሆኖ ዳገት ወይም ፍጥነት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ የውሃ ዝውውር ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ምላጩ የተበላ ፓምፕ። የታችኛው ቱቦ ውስጡ ስፕሪንግ ከሌለውና ካረጀ ጋዝ ሲረገጥ ራሱን ጨምቆ ይዘጋል፣ ጋዝ ሲለቀቅ ይከፈታል። ኮፈን ከፍታችሁ ሰው ጋዝ እየረገጠ ብታዩት ይታያል፣ ካልሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ አታገኙትም።

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሞተር አጥፍቼ ብወርድ አይበርድም?

በፍጹም እንዳታደርጉት። ሞተር ሲጠፋ የውሃ ፓምፑም ይቆማል፣ የጋለው ብረት ውሃው የቆመበት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በላይ ፍሬኑ እርዳታ ያጣል፣ መሪውም ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን አይሞክርም። በማርሽ፣ ጋዝ ለቃችሁ ውረዱ። ፓምፑ ይዞራል፣ የሚቃጠል ነዳጅ የለም፣ ሞተሩም በደንብ ይበርዳል።

ጌጁ ራሱ እየዋሸ ቢሆንስ?

ይዋሻል፣ በሁለት አቅጣጫ። ሽቦው ተነክቶ ወይም የተሳሳተ ሴንሰር ተገጥሞ በከንቱ ቀይ ሊያሳይ ይችላል። የሚያስፈራው ግን ሁለተኛው ነው፦ ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው፣ ውሃው ካለቀ የነካው አየር ስለሆነ ጌጁ ድንገት ዝቅ ሊል ይችላል። ሰው ደስ ብሎት ይነዳል። ጌጁ ወጥቶ በአንዴ ከወረደ ቁሙ።

በርቀት የሚለካ የሙቀት መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ሁለቱን የራዲያተር ቱቦዎች አስለኩ። ላይኛው በጣም ግሎ ታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አይዞርም። ሁለቱም እኩል ከጋሉ ውሃው ይዞራል፣ ራዲያተሩ ግን ሙቀቱን አያስወጣም፤ አየር አያልፍበትም ማለት ነው። የራዲያተሩን ፊት እየተዘዋወሩ ሲለኩት በመካከል ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ እዚያ ተደፍኗል።

ውሃ ይጎድላል፣ ግን መሬት ላይ ጠብታ የለም። የት ነው የሚሄደው?

መጀመሪያ ቀላሎቹን ጨርሱ። ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ከእርሷ የደረቀ የኩላንት ቀለም ካለ ፓምፑ ያንጠባጥባል። ተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ እርጥብ ከሆነ ሂተሩ ነው። ብዙ ፍሳሽ ሞተሩ ሲግል ወጥቶ ብረት ላይ ስለሚተን ጠዋት መሬቱ ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ የግፊት ፓምፕ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይሞላና ሩብ ሰዓት ይታያል። ከወረደ ፍሳሽ አለ።

ውጭ ምንም ካልተገኘ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ ዋና አካል፣ በብሎኩ፣ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ገና ሲነሳ፣ ሳይሞቅ፣ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ካላቋረጠ ወይም የላይኛው ቱቦ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ይህን ጠይቁ፣ ርካሽ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሁለት ምልክቶች ያሳስታሉ። ጠዋት በብርድ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ቢወጣ ተን ነው፣ ሁሉም መኪና ያወጣዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካልቆመ ነው መጨነቅ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ወተት የመሰለ ነገር ቢገኝም አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ የብርድ እርጥበት ሊሆን ይችላል። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ አታስነሱት።

ራዲያተር፣ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ክዳን ሁሉም ተቀይሯል። አሁንም ይሞቃል!

እዚህ ላይ ዕቃ መቀያየሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ገንዘብ መክፈል አቁሙና መለካት ጀምሩ። መጀመሪያ ማሸጊያ ፈሳሽ ተጨምሮ እንደነበር አስታውሱ። ያ ነገር ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ሂተሩንና የራዲያተሩን መስመርም ይደፍናል፣ አዲስ ራዲያተር ቢገጠም እንኳ ብሎኩ ውስጥ የቀረው ተነቅሎ ይመጣል። አዲሱ ራዲያተርም ከአሮጌው ውፍረቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ከዚያ ሙቀቱ ከማቀዝቀዣው ውጭ እየመጣ እንደሆነ እዩ። የሚይዝ ፍሬን ሞተሩን ያደክማል፤ ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ እሱ ነው። የዘገየ ታይሚንግ (የብልጭታው ሰዓት)፣ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ፣ የታፈነ ማርሚታም ሞተር ያግላሉ። ጉልበት ቀንሶ የሚሞቅ መኪና ከሆነ እነዚህን አስቀድሙ፣ ራዲያተሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ጓርኒሲዮን ተቀይሮ በወሩ እንደገና ሞቀ። ምን ቀረ?

ቴስታታው ተለክቶ ነበር? ጥያቄው ይህ ነው። አንዴ በደንብ የሞቀ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል፣ ለብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከፀጉር ያነሰ። በዓይን አይታይም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ቀጫጭን የክፍተት መለኪያ ያስፈልጋል፤ ርዝመቱንም፣ ወርዱንም፣ ሰያፉንም። የብሎኩ ፊትም እንደዚሁ ይለካል፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቴስታታው ተጠርቦ ቢመጣም ስንጥቅ ካልተፈተነ መጠረቡ ብቻ አያድነውም።

ብሎኖቹስ? ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መክፈቻ (ጥብቀቱን በሚለካው) ነው የሚጠብቁት። «ልምድ አለኝ» ተብሎ በክንድ ከጠበቁ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይቀራል። የአንዳንድ ሞተሮች ብሎን ደግሞ አንዴ ከተለጠጠ አይደገምም። ጓርኒሲዮኑ ራሱ ተገልብጦ ከተገጠመ የውሃ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ የቴስታታው ኋለኛ ክፍል ውሃ ያጣል። ጋራዡን ቴስታታው ሲወርድ ጥሩኝ በሉት፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ተቀብላችሁ ጥቁር ጭስ የመታውን ቦታ ፈልጉ። በሁለት ሲሊንደር መካከል ወይም በሲሊንደርና በውሃ ቀዳዳ መካከል ከሆነ ማስመሪያው መጀመሪያ እዚያ ይዋል።